ሳንቲሙን የሚመልስ ስልክ

ሰው በመናቅ ቢቸና ውስጥ ታዘበውን የሚስተካከለው የለም። ሌላው ጠዋት ፊቱን እስኪታጠብ እሱ በአጥሩ በኩል አላፊ አግዳሚውን ንቆ ጨርሷል። የወረዳ ሠራተኛ ላፕቶፕ አንግቶ ሲያልፍ ካየ፣ "ምሳውን ነው የያዘው" ይላል። መምህር ከሆነ፣ "ይሄ ደግሞ የማያውቀውን ሊያስተምር ይሮጣል" ይላል። ጎረቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ካስመታ፣ ቆርቆሮውን ትቶ የምስማሩን መጣመም አይቶ ይስቃል። ባለቤቱ ይርጋነሽ፣ "ኧረ ተው፣ ይሰሙሃል" ስትለው፣ "ይስሙኛ!" ብሎ ድምፁን ጭራሽ ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ላለ ሰው ጓደኛ አይበረክትም። ለታዘበውም አልበረከተለትም፤ እሱ ግን ሲያወራ ሁሉንም መርጦ ያባረራቸው ራሱ እንደሆነ አድርጎ ነው።

ሥራው የድሮ የሕዝብ ስልክ ማደስ ነው። በወጣትነቱ ቴሌ ተቀጥሮ፣ አዲስ አበባ ሠልጥኖ ተመልሶ፣ በቢቸናም በሞጣም የሳንቲም ስልኮቹን ግድግዳ ላይ የሰቀለ እሱ ነበር። ያኔ ሰው ሳንቲሙን በመሐረብ ቋጥሮ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። ታዘበው የስልኮቹን ቁልፍ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ብቅ ሲል ሰልፈኛው ገለል ብሎ መንገድ ይለቅለታል። ይህን አልረሳውም። ኋላ ሞባይል መጣ፤ ስልኮቹም ዝገው ዝገው ተነቀሉና እንደ አሮጌ ብረት ለጨረታ ቀረቡ። የሚፈልጋቸው ስላልነበረ ታዘበው በጋሪ አስጭኖ ወደ ግቢው አስገባቸው። ይርጋነሽ የዶሮዎቿን ቤት ለስልክ ስታስረክብ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

ጡረታ ሲወጣ እነዚያን ስልኮች አንድ በአንድ ያነሳቸው ጀመር። ሣጥኑን ፈትቶ ዝገቱን በነጭ ጋዝ ያጥባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ቀለም ይቀባል። የሞተውን የውስጥ ዕቃ አውጥቶ ሲም ካርድ የሚቀበል ቦርድ ያስገባበታል። ከዚያ አሮጌ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ፕሮግራም ያደርገዋል፤ ስልኩ የትኛውን ሳንቲም እንደሚቀበል፣ ለማን እንደሚደውል፣ ማን ሲደውል እንደሚጮህና ማን ሲደውል ዝም እንደሚል ሁሉ በእሱ እጅ ነው። አንድ ነገር ግን ለማንም ብሎ አይለውጥም። የድሮው ስልክ ሳንቲሙን የሚውጠው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሲያነሳ ብቻ ነበር። ካልተነሳ ሳንቲሙ ከታች ባለችው ትንሽ ኪስ ተመልሶ ይወድቃል። ታዘበው ያደሳቸውም እንደዚያው ናቸው። ለገዢ ሲያስረክብ፣ "ሳንቲሙ ከተመለሰ ተበላሸ ብለህ እንዳትመጣብኝ። የሚፈልግህ ሰው የለም ማለት ነው" ይላል።

ገዢዎቹን ሲንቃቸው ደግሞ ለጉድ ነው። ስልኩን የሚገዙት የእንግዳ መቀበያቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሊታዩበት እንጂ ሊደውሉበት እንዳልሆነ ያውቃል። የደጀኑ ባለ ሆቴል መስቀያው ላይ የፕላስቲክ አበባ አንጠለጠለበት። የሉማሜው እህል ነጋዴ ወርቃማ ቀለም እንዲቀባለት ቢጠይቀው፣ "ወርቅ ካማረህ ወርቅ ቤት ሂድ፤ ይሄ ስልክ ነው" ብሎ መለሰው። ከአማኑኤል ከተማ የመጣው ደግሞ ቲክቶክ ያሳይ እንደሆነ ጠየቀው። ታዘበው ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ስሙን አይጠራውም፤ "ያ ግዑዝ" ነው የሚለው።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን አማቹን እዮብን ነበር። እዮብ ሞጣ ላይ ሞባይል ቤት አለው። አንዲት ልጁን ትርሲትን ሲያገባ ታዘበው አልተቃወመም፤ ነገሩን አፉ ውስጥ ይዞ ቀኑን ጠበቀ። የመልሱ ዕለት ድንኳኑ በሰው ሞልቶ፣ አባት ተነስቶ ልጆቹን እንዲመርቅ ሲጠየቅ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመና እንዲህ አለ፤

"እግዜር ያኑራችሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ስሠራ ኖርኩ። ልጄን ደግሞ ለስልክ ልብስ ሻጭ ሰጠሁ።"

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ሽፋኑን ማለቱ ነበር፤ እዮብ ሱቁ በራፍ ላይ በየቀለሙ የሚሰቅለውን የሞባይል ሽፋን። ሙሽራው የያዘውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። ትርሲት ቬሏን ፊቷ ላይ አወረደች። ታዘበው ሰው የሳቀለትን ያህል ደስ ብሎት ተቀመጠ፤ እንዲህ ያለ ምርቃት የሚመርቅ አባት ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነ የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ትርሲት የአባቷን ደጅ አልረገጠችም፤ ከእናቷ ጋር ግን በስልክ ትገናኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የይርጋነሽ ሞባይል ባልዲ ውስጥ ገብታ ሞተች። ታዘበው ሲሟን አውጥቶ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በሰቀለው በራሱ ስልክ ውስጥ ከተተና፣ "ይኸው፣ ይበቃሻል" አላት። እሱ ራሱ ሞባይል አይዝም፤ ኪሱ ውስጥ የሚጮህ ነገር ይዞ መዞር የውርደት ውርደት ነው ባይ ነው። ሲሙ በገባ በሰሞኑ አንድ አጭበርባሪ ደውሎ፣ "እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል" አለው። ቁጥሩ በዜሮ ሰባት ይጀምር ነበር። የአዲሱ ኔትወርክ ቁጥር ነው። ታዘበው ደሙ ፈላ። እሱና የቴሌ ባልደረቦቹ አቀበት ቁልቁለቱን ምሰሶ ተሸክመው መስመር ሲዘረጉ ዜሮ ሰባት የት ነበር? ትናንት መጥቶ ዛሬ ዕጣ ወጣልህ ይለዋል! ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ስልኩን በዜሮ ሰባት የሚጀምር ቁጥር ሁሉ እንዳይገባበት፣ ወደ ዜሮ ሰባትም እንዳይደውል አድርጎ ዘጋው። ለሚስቱ ሊነግራት አልፈለገም። እሷ ምን ይገባታል ብሎ ነው።

በዚህ መካከል ትርሲት ማርገዟ ተሰምቶ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት መወለዱ የታወቀ ወግ ነውና ይርጋነሽ የጓዳውን ክፍል አስለቅልቃ፣ ገብሱን አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ጠበቀች። ታዘበው ግን፣ "ትምጣ፤ ማን ከለከላት? ባሏ ደውሎ በአንደበቱ ይጠይቀኝ። ሳይጠይቀኝ ግን እዚህ ቤት አትወልድም" አለ። ደግሞ እንዲህ እያለ፣ ሚስቱ ገበያ በሄደችበት ቀን፣ ከግድግዳው ስልክ ሽቦ ስቦ ወደ ጓዳው አስገባና አልጋው ራስጌ ሁለተኛ መነጋገሪያ ተከለ። ልጁ አራስ ስትሆን ከአልጋዋ ሳትነሳ እንድታወራ ነበር። ይርጋነሽ አይታ ፈገግ ስትል፣ "ምን ትገለፍጫለሽ? ሽቦ ተርፎኝ ነው" ብሎ ጮኸባት።

እዮብ አልደወለም። ይርጋነሽ በየጠዋቱ ሳንቲም ከትታ የልጇን ቁጥር ትደውላለች፤ ስልኩ ዝግ ነው ይላታል፤ ሳንቲሙ ተመልሶ ይወድቃል። "ምን ሆና ነው የዘጋችው?" ትላለች። "ባሏ አዟት ነዋ! ንቀውሽ ነው" ይላታል። ልሂድና ልያት ስትለው፣ መንገዱ አንዴ ተከፈተ አንዴ ተዘጋ በሚባልበት ጊዜ፣ ያውም ሳትጠራ የአማች ደጅ መጥናት ምን ይባላል ብሎ ያሸማቅቃታል። እሱ ግን ከስልኩ ፊት ወንበር አድርጎ መቀመጥ ጀመረ። የሚሠራውን ስልክ ይዞ እዚያው ይፍቃል፤ ይፍቃል፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል። "የሽፋን ነጋዴ" ይላል፤ ደግሞ ይፍቃል።

አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። እዮብ ነበር፤ ከሞጣ የመጣበት ሚኒባስ አቧራ ጫማው ላይ ነበር። ደጃፉ ላይ እጅ ነሳና፣

"የምሥራች፣ እትዬ! ትርሲት በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ ነው" አለ።

ይርጋነሽ፣ "ምሥር ብላ ልጄ!" ብላ እልልታውን አቀለጠችው፤ እልልታው ሳያልቅ ግን ወደ ለቅሶ ዞረባት። ታዘበው ከወንበሩ አልተነሳም።

"የት ወለደች?" አለ።

"እዚያው ሞጣ፣ ሐኪም ቤት። አሁን እናቴ ጋ ናት።"

"አባት እናት እንደሌላት! ጠይቆ መላክ አቃተህ? መደወያ ቸገረህ፣ ያውም ሱቅህ ሙሉ ስልክ?"

እዮብ ተቀያየረ፤ ድምፁን ግን አላነሳም። "ጋሼ፣ ደውለናል እኮ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሴ ይቅርታ ልጠይቅዎ ብዬ ስንት ቀን ደወልኩ። ትርሲትም ደወለች። ሻንጣዋን ሸክፋ በር ላይ አስቀምጣ ነበር፤ 'አባዬ አንዴ ነይ ይበለኝ' እያለች። ምጥ እስኪጀምራት ድረስ ሻንጣው እዚያው በር ላይ ነበር። አንድም ቀን አልጠራልንም።"

"ውሸት! ይኸው ፊቱ ተቀምጫለሁ። ጮኾ አያውቅም።"

እዮብ ሞባይሉን አወጣና ሁለቱም እያዩት ደወለ። ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ፣ ታዘበው አብለጭልጮ የወለወለው ስልክ፣ ዝም አለ። ከእዮብ ሞባይል የተቀዳ የሴት ድምፅ መስመሩ አይገኝም እያለ ይቅርታ ይጠይቃል። ይርጋነሽ አንዴ ሞባይሉን አንዴ ግድግዳውን ታያለች።

"ቁጥርህ በምን ይጀምራል?" አለ ታዘበው። ድምፁ ወርዷል።

"በዜሮ ሰባት። ሱቁ የአዲሱ ኔትወርክ ወኪል ስለሆነ ትርሲትም እኔም በቅርቡ የድሮውን ቁጥር ዘግተን ቀይረናል።"

ታዘበው ዐመዱ ቡን አለ። ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ስልኩን መክፈት አላስፈለገውም፤ የገዛ ሥራው ነው። ይርጋነሽ ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ የባሏን ፊት ማንበብ ስለማያቅታት፣ "ምን አድርገህ ነው?" አለችው።

"ዜሮ ሰባት… የሌባ ቁጥር ነው ብዬ ዘግቼው ነበር" አለ።

"ሌባዋ ልጅህ ናት፣ አንተ ሰውዬ። ልጅህ ናት ስትደውል የከረመችው!"

ታዘበው ቀና አለ። አማቹን አየው፤ የሚንቅበት ነገር ፈለገ፤ ጫማውን፣ ጃኬቱን፣ ኪሱ ላይ ያለውን ሽፋን የለበሰ ሞባይል አየ። ምንም አላገኘም። ያ የስልክ ልብስ ሻጭ የሰደበውን ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ስንት ቀን ደውሏል፤ እሱ ደግሞ ስልኩ ፊት ተቀምጦ ሲሰድበው ከርሟል። አፈረ። ማፈር ስለማያውቅበት ወለሉን ማየት ያዘ።

ይርጋነሽ ቅቤውንና የገንፎውን ዱቄት አንስታ ነጠላዋን አጣፋች። ታዘበውም ተነሳና ኮቱን ከመስቀያው አወረደ። እዮብ አንገቱን ደፋ።

"ጋሼ… እርስዎንም ይዤ ብሄድ ደስታዬ ነበር። ትርሲት ግን፣ 'እናቴን ብቻ አምጣልኝ' ብላኛለች። ይቅር ይበሉኝ።"

ታዘበው አንድ እጁን እጅጌው ውስጥ እንዳስገባ ቆመ። ይርጋነሽ ባሏን አየችው፤ አሳዘናት መሰለ፤ ቢሆንም ልጇ በለጠችባትና ወጣች። ታዘበው እስከ በር ተከትሏቸው፣

"ቁጥሯ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

እዮብ ነገረው። ታዘበው መጻፍ አላስፈለገውም፤ የድሮ ቴሌ ሠራተኛ ቁጥር አንዴ ከሰማ ይበቃዋል። እዮብ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ የታዘበውን ጉልበት ሳመ፤ ይህ ከስድብ ሁሉ አብልጦ አመመው።

ብቻውን ቀረ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዘጋውን ከፈተ፤ ለመክፈት ጊዜም አልወሰደበትም። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባና ተለቅልቆ፣ አንሶላ ተነጥፎበት የቆየውን ክፍል አየ። አልጋው ራስጌ የተከለው መነጋገሪያ ማንም ሳይነካው መስቀያው ላይ ነበር። አልጋው ላይ አልተቀመጠም፤ ወደ እንግዳ መቀበያው ተመልሶ ከግድግዳው ስልክ ፊት ቆመ።

ሳንቲም ከኪሱ አውጥቶ ከተተ። የልጁን ቁጥር ደወለ። ጠራ። የሚላትን አላዘጋጀም ነበር፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ሊጀምር አሰበ፤ ቀጥሎ የሚለው ጠፋው። ይጠራል። ትርሲት የእናቷን ቁጥር እንደምታውቀው ያውቃል፤ እናቷ ደግሞ አሁን መንገድ ላይ እንደሆነች ትርሲት ታውቃለች። ስለዚህ ማን እየደወለ እንደሆነ አልጠፋትም። ጠራ፤ ጠራ፤ ቆመ።

ከታች ቅጭል አለ። ታዘበው ጎንበስ ብሎ ሳንቲሙን ከስልኩ ትንሽ ኪስ አወጣ። ለገዢው ሁሉ የሚለውን ነገር ዛሬ ማንም ሳይለው ሰማው። ሳንቲሙን በኮቱ ጠረገና መልሶ ከተተው።