ዘንባባ የሌለው ባሕር

ስለ ራሴ እኔው ልናገር፤ ሌላ ሰው ከነገራችሁ ያሳንሰዋል። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከደብረ ማርቆስ እስከ ቁይ በሥዕል የሚስተካከለኝ አልነበረም። መምህር የለኝም። ዲማ ቅኔ ቤት ሌሎቹ ተማሪዎች ቅኔ ሲቆጥሩ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እያየሁ፣ ቀለሜን ከአፈርና ከቅጠል እየቀመምሁ ራሴን አስተማርሁ።

የተሰደድሁትም በዚሁ ጥበቤ ነው። የደብረ ማርቆሱ የጣሊያን ሹም መልኩን ቢሮው ግድግዳ ላይ እንድሥል አዘዘኝ። እኛ ዘንድ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ በአንድ ዐይኑ ይሣላል። ሹሙን በጎኑ ሣልሁት። አፍንጫዬ አምሮልኛል ብሎ ደስ አለው። ለጉዳይ የሚመጣው የአገር ሰው ግን በነጠላው አፉን እየሸፈነ ሲወጣ ሰነበተ። አስተርጓሚው ምስጢሩን ሊነግርብኝ መሆኑን በሰማሁበት ምሽት፣ የቁይ ነጋዴ ከሆኑት ከሐጂ እንድሪስ በቅሎዎች ጋር ወጣሁ።

"ልጄ፣ እጅህ አንደኛ ነው" አሉኝ መንገድ ላይ፤ "አስተዳዳሪ ቢኖረው።"

መተማን አልፈን፣ ሱዳንን አቋርጠን ባሕር ዳርቻ ደረስን። እሳቸው ለንግዳቸው ቀሩ። እኔ ጃዋ ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ ደሴት የመጡ ሐጃጆችን ወደ አገራቸው በምትመልስ መርከብ ላይ ቀለም ቀቢ ሆኜ ተሳፈርሁ። ማላይኛ የሚሉትን ቋንቋቸውን እዚያው ጨረስሁት።

ባታቪያ በምትባለው የጃዋ ወደብ ላይ፣ ደሴቱን ከሚገዙት ሆላንዶች አንዱ ሹም አገሬን ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ አልሁት።

"እሱ አሁን የጣሊያን ነው። ጣሊያናዊ ብዬ እጽፍሃለሁ።"

"ጌታዬ፣ ጣሊያናዊ መሆን ከቻልሁ ይህን ሁሉ ውኃ ለምን ተሻገርሁ?"

አልሣቀም። በሙያው ያድራል ብሎ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ካላመጣሁ በመጣሁባት መርከብ እንደሚመልሰኝ ነገረኝ። መርከቧ ደግሞ ስትመለስ ምጽዋ ትቆማለች፤ ምጽዋ ያለው ጣሊያን ነው።

መርከቧ እስክትመለስ ቤት ያከራዩኝ ሰው ፓክ ሱሮ ይባላሉ፤ "ፓክ" እንደኛ "አባባ" ነው። እሳቸውም ሠዓሊ ናቸው። ሙቀቱ ሙቀት እንዳይመስላችሁ፤ ጋቢዬን ትራስ አደረግሁት። ጧት ሩዝ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታም ሩዝ። ሳምባል በሚሉት በርበሬ ሲያስፈራሩኝ በማንኪያ በላሁትና የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ አየኝ።

ፓክ ሱሮ አንድ የሆላንድ ሆቴል ባለቤት የባሕር ሥዕል እንደሚፈልግ ነገሩኝ፤ ከወደደው ዋስ ይሆንሃል አሉኝ። እኔ ባሕርን ያየሁት መርከብ ላይ ሲያስመልሰኝ ነው። ስለዚህ ዐይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ሣልሁ፦ ጧት ዐባይ በረሃን ጉም ሞልቶት፣ የተራሮቹ ራስ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብሎ፣ ድምፅ የለ፣ ነፋስ የለ።

የሆቴሉ ባለቤት መጥቶ አየና ዘንባባው የታለ፣ ጀልባውስ አለኝ።

"ከጉሙ ሥር ናቸው፤ እስኪገልጥ ይጠብቁ" አልሁት።

ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ለእኔም ምጽዋ ታየችኝ። ፓክ ሱሮ ግን ሥዕሉ ፊት እንደተቀመጡ ቀሩ።

"የት ነው ይኼ ባሕር?"

"ደጃችን። ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል።"

"እኛ ባሕሩ ደጃችን ተኝቶ ለፈረንጅ ዘንባባ ስንሥል አረጀን። ይኼ ሰው ብቻውን ሲተክዝ የሚያየው ነው" አሉ፤ ቆብ አድርገውም ወደ ወደቡ ሹም ይዘውኝ ሄዱ። ራሳቸው ዋስ ሆኑኝ።

እነሆ የቻልሁት፦ ያለ መምህር ሦስት ቋንቋ አወቅሁ። የፓክ ሱሮን እኅት ልጅ አገባሁ። ዘንባባ የሰለቻቸው የአገሩ ወጣት ሠዓሊዎች ጉም አሣሣል ከእኔ ተማሩ፤ ዛሬ ከራሳቸው እንዳፈለቁት ያወራሉ፣ ያውሩ። ያ ባለ ሆቴል ኋላ መጥቶ የጉሙን ሥዕል ሽጥልኝ ብሎ ለመነኝ፤ አልሸጥሁለትም። ጣሊያን ከአገሬ ሲወጣ በሕይወት ኖሬ ሰማሁ። እንድቆይ ፈቀዱልኝ፣ ቆየሁ። ወደ አገርህ ሂድ የሚለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።