ቾይ ሳህን ላይ ያረፈችው የዶሮ ጭን

ይህን ለመጻፍ በመድፈሬ ይቅርታ አድርጉልኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ከሳህንና ከሙቅ ውሃ በቀር የያዘው ነገር የለም። ግን በሰፈራችን፣ በሻም ሹይ ፖ፣ ወሬው ተጣሞ ይወራል። ቾይ ሥራውን ለምኖ አስመለሰ ይላሉ። አልለመነም። እኔ ሳህን የማጥበው እሱ ከሚቆምበት ሦስት እርምጃ ርቄ ነው፤ ሁሉንም አይቻለሁ። ሌላ የሚጽፍለት ሰው ቢኖር እኔ ባልነካሁት። ስህተቴን እያለፋችሁ አንብቡልኝ።

ቾይን ሰፈሩ አጎቴ ቾይ ይለዋል። እኔ እኩያው ስለሆንኩ በስሙ ነው የምጠራው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በጥብስ ቤታችን ጠባሹም ቆራጩም እሱ ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። ጎህ ሳይቀድ ዳክዬውንና አሳማውን ምድጃ ውስጥ ይሰቅላል። ቀትር ሲቃረብ ደግሞ ከመስኮቱ መስታወት ጀርባ፣ መክተፊያው ፊት ይቆማል። ወረፋው እስከ መንገድ ይወጣል። እኛ ቤት ለብቻ ጠረጴዛ መያዝ የለም፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ክርን ለክርን ተጣብቆ ሩዙን ይበላል፣ አፉን ጠርጎ ይነሳል።

ማን ምን እንደሚወድ ቾይ ቀና ሳይል ያውቃል። ታክሲ ነጂው ያረረውን የአሳማ ጠርዝ ይፈልጋል። ጋዜጣ የሚሸጡት እማማ ታም ጥርስ ስለሌላቸው የዳክዬ ጭናቸውን ከአጥንቱ ፈልቅቆ ነው የሚያቀርብላቸው። ሁልጊዜ መረቅ ጨምርልኝ የሚል አንድ ሰውዬ አለ፤ ቾይ ዛሬም ሚስትህ አላበሰለችም ወይ ይለዋል፣ ሰውዬውም ብታበስልማ ያንተን ፊት ምን ሊያሳየኝ ብሎ ይመልስለታል።

ከጨረቃው በዓል ወዲህ የቾይ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የነቃሁበት በጆሮዬ ነው። ቢላው መክተፊያው ላይ ሲያርፍ ድምፁ እንደ ዝናብ እኩል ነበር፤ አሁን ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ደግሞ ይቆማል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከሩዟ ውስጥ የአጥንት ስንጣሪ አውጥታ ባለቤቱ ፊት አስቀመጠችው።

ባለቤቱ ሆክሊም ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በአሥር ዓመቱ ለትምህርት ካናዳ ላኩት። አባቱ፣ አዛውንቱ ባለቤት፣ አምና ሲሞቱ ነው የተመለሰው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሰው ላይ አይጮህም። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ስንጣሪዋን በወረቀት ጠቀለለና ኪሱ ከተታት። ለምን እንደከተታት አላወቅንም። ቾይም አይቶታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም የዓመቱን መዝጊያ ግብዣ መፍራት ያዝን።

በእኛ ዘንድ አሠሪ ሠራተኛውን በግብዣ ቀን አፍ አውጥቶ ሂድ አይለውም። ዶሮ ይቀርባል። አሠሪው በገዛ ቾፕስቲኩ፣ በመብያ እንጨቱ፣ ከዶሮው አንስቶ ሳህንህ ላይ ካኖረልህ መሰናበትህ ነው። ትበላለህ፣ ታመሰግናለህ፣ በማግስቱ አትመጣም። የዶሮው ራስ ወደ አንዱ ከዞረም ተሰናባቹ እሱ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ አዟዟሩን ያያል። አዛውንቱ ባለቤት ይህን ስለሚያውቁ የዶሮውን ራስ ሁልጊዜ ወደ ገዛ ወንበራቸው ያዞሩት ነበር። ያኔ ነው ምግቡ በጉሮሯችን የሚወርደው።

የግብዣው ዕለት ከቀትር በኋላ ዘጋን። አራት ነበርን፤ ሆክሊም፣ ቾይ፣ አስተናጋጁ ፑንና እኔ። ዶሮውን የቆረጠው ያው ቾይ ነው። ሳህኑ ላይ ደርድሮ የዶሮውን ራስ ወደ ሆክሊም ወንበር አዞረው። ፈቀቅ አለና አየው፣ ተመልሶ እንደገና አስተካከለው። እኔ እንዳላየ ሰው ጎመን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ፑን ቀልደኛ ነው፤ ሲፈራ ደግሞ ይብስበታል።

«እኔ ዘንድሮ ዶሮ ትቻለሁ። ሐኪም ከልክሎኛል» አለ።

«የትኛው ሐኪም?» አልኩት።

«ገና አልሄድኩም። ስሄድ ይከለክለኛል።»

ተቀመጥን። ሆክሊም ስለ አባቱ ጥቂት ተናገረ፣ አመሰገነን። ከዚያ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቾፕስቲኩን ወደ ዶሮው ሰደደ። ፑን ማኘኩን አቆመ። ቾፕስቲኩ መርጦ እንደሚያነሳ ሰው ከሥጋው በላይ ዞር ዞር አለ፣ ጭኑን ያዘ፣ ጠረጴዛውን አቋርጦ ቾይ ሩዝ ላይ አሳረፈው።

«አጎቴ፣ ይብሉ» አለ ፈገግ ብሎ።

ቾይ ጭኑን አየው። ቀና ብሎ ማንንም አላየም። ከዚያ ይበላው ጀመር፤ ቆዳውን፣ ሥጋውን፣ አጥንቱ ላይ የቀረችውን ጅማት ሳይቀር። እኛ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሆክሊም ብቻ ደስ ብሎት ይበላል። ቾይ አጥንቱን ከሳህኑ ጎን አኖረና «ጌታዬ፣ አመሰግናለሁ» አለ። ሆክሊምን ጌታዬ ብሎት አያውቅም። ልጄ ነበር የሚለው።

ተነሳ። ቢላውን አጠበ፣ አደረቀ፣ በጨርቅ ጠቀለለና ብብቱ ሥር ያዘ። ቢላው የራሱ ነው፤ ግን ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም።

«ሊያስሞርዱት ነው?» አለው ሆክሊም።

ቾይ አዎ ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሲጽፉት ቀላል ይመስላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ምላሴ ይታሰራል። ሳህን ሰበሰብኩ፣ ቧንቧ ከፈትኩ፣ ሦስት ሳህን አጠብኩ። አራተኛው ላይ ውሃውን ዘግቼ፣ ጀርባዬን እንደሰጠሁት፣ «ለምን አሰናበትከው?» አልኩ።

«ማንን?»

ነገርኩት። ያስቀረሁትን ፑን ሞላልኝ። የሆክሊም ፊት አመድ መሰለ። ለክብሩ ነው የሰጠሁት አለ፤ ካናዳ አክስቱ ቤት ጭን የሚሰጠው ለትልቅ ሰው ነው። ስንጣሪዋስ ታዲያ አልኩት። አንዴ ከተናገሩ ሁለተኛው ይቀላል። እጁ እንደታመመ አውቃለሁ አለ፣ ግን እንዴት ብዬ እንደማነሳበት ጨንቆኝ ነው። ኪሱን ገለበጠው፤ ወረቀቷ እንደተጠቀለለች ወጣች።

ኮቱን አንስቶ ሊሮጥ ሲል ፑን በሩ ላይ ቆመበት።

«መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ ልትለምነው? ያማ ሁለተኛ ማሰናበት ነው። በቃል ያልሰጠኸውን በቃል አትመልሰውም።»

የዶሮው ራስ ሳህኑ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ማንም ሊጥለው አልደፈረም። ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት። አባቱ ምን ያደርጉበት እንደነበርም ለሆክሊም ነገርኩት። የዓመት ንግግሬን የጨረስኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ማለዳ ምድጃው በርዶ እንደማገኘው እርግጠኛ ነበርኩ። ሃያ ዳክዬ ቆዳው ተቀብቶ ሊደርቅ ተሰቅሏል፤ ያን ቀን ካልተጠበሰ ይበላሻል። የኋላውን በር ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ቾይ ምድጃው ፊት ቆሟል። ቢላው አብሮት የለም።

«ዳክዬዎቹ ምን አጠፉ?» አለኝ።

ሁሉንም ጠብሶ መስኮቱ ላይ ሰቀላቸው። ሽርጡን አጣጥፎ መንጠቆው ላይ አንጠለጠለና ባለቤቱ ሳይመጣ በኋላው በር ወጣ።

ቤቱን ስንከፍት ወረፋው ውስጥ አየሁት። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። በፊት ለፊቱ በር እንደ በላተኛ ሲገባ በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው። እማማ ታም ፊት ለፊት አንድ ቦታ ነበረች፣ እዚያ ተቀመጠ። ፑን ሊታዘዘው ቀርቦ ቀልድ አጣ። ቾይ የዳክዬ ጭን በሩዝ አዘዘ።

ከመስታወቱ ጀርባ የቆመው ሆክሊም ነው፣ የአባቱን አሮጌ ቢላ ይዞ። መክተፊያው ጥግ ላይ የዶሮው ራስ በትንሽ ሳህን ተቀምጧል፤ ምንቃሩ ወደ ሆክሊም ሆድ ዞሯል። የቾይ ዓይን እዚያ ሲያርፍ አየሁ። ወደ አፉ ያስጠጋውን ሻይ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

ሆክሊም መቁረጥ ጀመረ። ቾይ አምስት ጊዜ በሚመታው ላይ አሥራ አምስት ጊዜ መታ። ወረፋው አጉረመረመ። እማማ ታም፣ ያ ልጅ የሚፈልጠው ዳክዬውን ነው ወይስ ጠረጴዛውን አሉ። ሳህኑ ሲመጣ ሥጋው ተቦጫጭቋል። ቾይ ይበላ ጀመር። መሃል ላይ ቆም አለና ከአፉ ስንጣሪ አውጥቶ የሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖራት። ሆክሊም ከመስታወቱ ጀርባ አየ፤ እጁ ቢላው ላይ ደርቆ ቀረ። ቾይ ግን ሩዙን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨረሰ።

ተነሳ። ወደ በሩ የሚሄድ መስሎኝ ሳህን ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። የሄደው ወደ መክተፊያው ነው። ሽርጡን ከመንጠቆው አውርዶ ታጠቀ፤ ቋጠሮው እምቢ ብሎት ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሆክሊም ቢላውን ዘረጋለት። ቾይ አልተቀበለውም። ከልጁ በስተግራ ቆመና ሁለተኛውን ዳክዬ አውርዶ ፊቱ አስቀመጠለት።

«አጥንቱን አትምታው፣ ልጄ። መጋጠሚያውን ፈልግ።»

የእማማ ታምን የዳክዬ ጭን ግን ለማንም አልሰጠም። በዚያው በሚንቀጠቀጠው እጁ፣ በጣቶቹ ከአጥንቱ ፈልቅቆ ሩዛቸው ላይ አደረገላቸው።