ሞጣ የቀሩት ሰባት ዓመታት

«ሰው ነው የተለዋወጣችሁት ወይስ በሬ?» አለ ኃላፊው። «በሬ እንኳ ሲለወጥ ዕድሜው ይጠየቃል።»

አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል። ቦታው ቢቸና፣ አባቴ ስምንት ዓመት በሹፌርነት ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት ነው። ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሊወጡ ነው። ከዚህ በፊት ሰባት ዓመት ሞጣ ሠርተዋል። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ሙላት ግን የሞጣው አገልግሎት እኛ ዘንድ አይታወቅም ይላል። ሞጣ ካልተቆጠረ የሚቀረው ስምንት ነው፤ አገልግሎቱ አሥር ያልሞላ ሰው ደግሞ ወር በወር የሚከፈል ጡረታ የለውም። አንድ ጊዜ የሆነች ገንዘብ ተሰጥቶት ይሰናበታል።

አቶ ሙላት ኃላፊነታችን እዚህ ከመጡ ወዲህ ላለው ነው፣ የበፊቱን የላከዎት ይጠየቅ አለ። ሞጣ በስልክ ሲጠየቅ፣ የተሸኘ ሠራተኛ የተቀባዩ ነው ተባለ። ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ። ግራ መጋባቴ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

«ነገ ሞጣ እንሄዳለን» አሉኝ አባቴ ስንወጣ። «ግጥም የምትሞነጫጭር ሰው ማመልከቻ አያቅትህም።»

መንገድ

ጠዋት መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፣ አባቴ ተሟገቱ፣ ከፈልን። የተቀመጡት ከሹፌሩ ጀርባ ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣል። በግራችን ጮቄ ደመና ለብሷል፤ በቀኝ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ሴቶች የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር በመስኮት አቀበሉን።

ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አስተማሪ የምንሄድበትን ጉዳይ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። አባቴና ደምሴ የሚባል የቢቸና ሹፌር የተዛወሩት እርስ በርስ ተለዋውጠው ነው። የአባቴ ቤተሰብ ቢቸና ነበር፣ የደምሴ ሚስት አገር ሞጣ ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተስማሙና ሹፌር ለሹፌር ተለዋወጡ። አስተማሪው እያዳመጡ ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ ሦስት ወረዳ ዞሬያለሁ» አሉ። «አገልግሎቴ ከእኔ ጋር ይዞራል ብዬ ነበር እኮ።»

ጉንደ ወይን ሲደርሱ መንገድ የሚሠሩት ማሽኖች ባስነሡት አቧራ ውስጥ ወርደው ሄዱ። ድንቻቸውን ረስተውታል።

ሞጣ

የሞጣዋ ሠራተኛ ሰብለ ትባላለች። ወንበር ሰጠችን፣ ውሃ አስመጣች፣ ፋይል ስታገላብጥ ረፈደ። በመጨረሻ ራስዋን ይዛ ሳቀች።

ያገኘችው እንዲህ ነው። ሹፌር ለሹፌር ሲለዋወጥ ርክክብ ይደረጋል፤ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ መፍቻ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይፈረማል። ለደምሴ ግን አዲስ ፋይል አልተከፈተም። ሹፌር ሄደ፣ ሹፌር መጣ፣ መደቡ ያው ነው ብለው በአባቴ ቦታ አስገቡት። የአባቴ ሰባት ዓመት ከደምሴ ስድስት ዓመት ጋር ተደምሮ የደምሴ ሆኗል። ደምሴ ቢቸና የሠራው አምስት ዓመት ደግሞ እዚያው ቢቸና ቀርቷል።

«እና ይስተካከላላ» አልኳት።

«ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው አምና አርፈዋል» አለች። «ጡረታውን የምትቀበለው ባለቤታቸው ናት። ሰባቱ ሲወጣ ስድስት ይቀራል፣ ከአሥር በታች ነው። የቢቸናው አምስት ቢመጣ አሥራ አንድ ይሆናል። እስኪመጣ ግን ክፍያዋ ይቆማል።»

በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ቆጠርኩ፣ ደገምኩት። ሁሉም ሰው የሚበቃው ዓመት አለው፤ ያለው ግን ሌላ ቤት ነው። ሰብለ ሰባቱ ዓመት እንዲመለስ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ነገ ጠዋት አምጡ አለችን።

አባቴ የደምሴን መሞት አልሰሙም ነበር። ማንኛውም ነገር ከመደረጉ በፊት ለቅሶ መድረስ አለብኝ አሉ። በባጃጅ ጊዮርጊስ አካባቢ ወረድን። ሚስቱ እትዬ የሺ አባቴን ገና ከደጅ ዐውቃ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ። ረቡዕ ስለነበር ሽሮና ጎመን ቀረበ። ትልቋ ልጅ ኮሌጅ ገብታለች፣ ታናሾቹ ይማራሉ፤ ይህ ሁሉ በዚያ ጡረታ ነው።

«የእርስዎን ስም እያነሣ ነው የሞተ» አለች እትዬ የሺ። «መኪናዋን አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ ያስረከበኝ ገበየሁ ብቻ ነው ይል ነበር።»

አፌን ልከፍት ስል አባቴ እግሬን ረገጡኝ። ሐዘን ቤት ተገብቶ የራስ ጉዳይ አይነሣም። እኔ ግን የመጣንበት ጉዳይ እሱ አይደለም ወይ እያልኩ እበላ ነበር። ለቅሶው ባይቀድም ኖሮ ይነግሯት ነበር?

ጠዋት ሰብለ ማመልከቻውን ጠየቀችን። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጥሩ አድርጌም ጽፌው ነበር። አባቴ አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት።

«ቆዪ» ብቻ አሏት።

መልስ

በመመለሻው መንገድ እናቴ ምን አገኛችሁ ስትል ምን እንደምላት አሰላስል ነበር። ባዶ እጃችንን አይደለም የምንመለሰው፣ ይዘንም አይደለም። በደብተሬ ያሰፈርኩት ይህን ያህል ነው፤ ሠራተኛ ሲዛወር ዓመታቱ አብረውት አይሳፈሩም። ላኪው ካልላካቸው፣ ተቀባዩም የት አሉ ካላለ የቀሩበት ይቀራሉ። የሚዛወር ሰው ከመኪናው ዕቃ በፊት እነሱን ይረከብ። አንዴ ከተደባለቁ ግን የማን መጀመሪያ ይውጣ ለሚለው መልስ አላገኘሁም።

ቢቸና ስንደርስ ቤት አልሄድንም። አባቴ ቀጥታ አቶ ሙላት ቢሮ ገብተው ተቀመጡ።

«የሟቹን የደምሴን አምስት ዓመት ጽፈህ ለሞጣ ላክ» አሉት።

አቶ ሙላት እኔን አየኝ። «የራስዎ ሳያልቅ የሟች?»

«የእኔ የሚያልቀው የእሱ ካለቀ ነው።»

ሚስቱ ራሷ መጥታ ታመልክት አለ።

«አምስት ዓመት የነዳው የዚህን ቤት መኪና ነው» አሉ አባቴ። «ሲዛወር መላክ የነበረበትም ይህ ቤት ነው። አመልካች ለምን ያስፈልጋል?»

አቶ ሙላት መደርደሪያውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ምሳ ሰዓት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ኑ አለን። አባቴ እዚሁ እጠብቃለሁ አሉ። ቢሮው ይቆለፋል ሲላቸው፣

«ቆልፈው» አሉ።

እኔ ከወንበሬ ግማሽ ተነሥቼ ቀረሁ፤ ልውጣ ወይስ ከአባቴ ጋር ልቀመጥ ጠፋኝ። አቶ ሙላት ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ። ትንሽ ቆሞ ጠበቀን። ከዚያ ወጣና በሩን ከውጭ ቆለፈብን።