በሩ ተዘግቶ የተከተፈው ጎመን

ወልቂጤ በተከራየሁት ቤት፣ አልጋዬ ስር የእማዬ መክተፊያ እንጨት አለ። መሃሉ በቢላ ብዛት ጎድጉዷል። ባየሁት ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በ2000 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም ሚሌኒየም ሲል፣ እኛ የአገና ልጆች የምንጠብቀው መስቀልን ነበር። አባቶች ከአዲስ አበባ ይገባሉ፤ ሰፈሩ ቅቤና ሚጥሚጣ ይሸታል። በዚያ ዓመት ግን የአባዬ ንግድ ከሰረና ሳይመጣ ቀረ። ለመስቀል አገሩ ያልገባ አባወራ ደግሞ ወሬው አያልቅም።

የጎመን ክትፎው ቀን አልፎ የእርዱ ቀን ሲደርስ፣ ከየቤቱ የቢላ ድምፅ ተነሳ፤ ጧ ጧ ጧ። የእኛ ቤት ብቻ ጭጭ። እማዬ በሩን ዘጋችና የተረፈውን ጎመን መክተፊያው ላይ ዘርግታ ላብ እስኪያጠምቃት ከተፈች። እኔንና ታናሽ እህቴን ሚሚን ከንፈራችንን ቅቤ ቀብታ፣ "ከጠየቋችሁ ስጋ በላን በሉ" ብላ ወደ ውጭ ሰደደችን።

ጳጉሜ ላይ ጎረቤቶች እኛ ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ ራዲዮኑ የዓመቱን ዋና ዋና ክንውኖች ዘረዘረ። ሲያበቃ ሚሚ ባዶ ጣሳ አፏ ላይ ደግና ቀጠለችበት፦ "ሚሌኒየም ተከበረ! አትሌቶቻችን ቤጂንግ ላይ ወርቅ አገኙ! መብራት በፈረቃ ሆነ! እኛ ቤት ደግሞ ለመስቀል በር ተዘግቶ ጎመን ተከተፈ!"

ወይ ጉድ! እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ደግሞ ባሰብኝ።

በቀጣዩ መስቀልም አባዬ አልመጣም። የእርዱ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ወለላ ስጋዋን በሳፋ ይዛ ገባች።

"መክተፊያዬ ተሰንጥቆብኝ ነው፤ እዚህ ልክተፈው?"

እማዬ አንገቷን ደፋች። "ሚሚ ስለለፈለፈች ነው አይደል?"

"ኧረ ተይኝ እቴ! የጎመንና የስጋ ድምፅ አንድ ነው እንዴ? አምናም እኮ ሰምተናል። ይዘን መምጣቱን አፍረን ነው የተውነው።"

ሁለቱም ተላቀሱ። ክትፎውን አብረን በላን።

ዛሬ ስጋ ቤቱ በማሽን ፈጭቶ ይሰጠኛል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ምን እንደሚበላ በምን ይታወቃል? ድምፅ የለ! ባለፈው መስቀል መብራት ጠፍቶ ያልተፈጨ ስጋ በፌስታል አንጠልጥዬ ስገባ፣ የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ በራቸው ላይ ቆማለች። ከንፈሯ ላይ ቅቤው ተለድፏል። ሳልጠይቃት፣ "ስጋ በላን" አለችኝ።

የዱሮው እፍረት ተመልሶ ፊቴን አጋለው። ቤት ገብቼ መክተፊያውን አልጋ ስር ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ ስጋውን ያዝኩና በራቸውን አንኳኳሁ።

"መክተፊያዬ ተሰንጥቆብኝ ነው" አልኳቸው።