የእኅቴ ሙያ የተባለው ጥልፍ

ባለፈው ጥቅምት ታላቅ እኅቴን ትሁንን ሞጣ ቀበርናት። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ከእፍኜ ንፍሮ እያነሳሁ እበላለሁ። አጠገቤ የነበረች፣ ከትሁን ጋር ለብዙ ዓመት የተጎራበተች ሴት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «አይ ትሁን! ምን የመሰለ እጅ አፈር በላው! ሙሽራ ሆና ስትመጣ ይዛው የመጣችውን የአልጋ ልብስ ያየ ሰው መቼም አይረሳው» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። አንዷ የትራሱን ልብስ አነሳች። ሌላዋ ደግሞ፣ «ዓይኗን ባያማት ኖሮ ስንቱን በሠራች!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

እኔ ንፍሮዬን ይዤ አቀረቀርኩ። ሐዘኑ በርትቶባት ነው ብለው ጀርባዬን አሻሹኝ። በርትቶብኝም ነበር፤ ግን ያፈነኝ ሐዘኑ ብቻ አልነበረም። ያንን የአልጋ ልብስ የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ትሁን የተተረተረ ቀሚስ ከመጠቃቀም ያለፈ የመርፌ ሥራ አታውቅም ነበር።

ያደግነው ቢቸና ነው። ግቢያችን ውስጥ ካሉት ክፍሎች በአንዷ ከደሴ ተመድባ የመጣች ሲስተር ዘይነባ የምትባል ነርስ ተከራይታ ትኖር ነበር። ከጤና ጣቢያ ተመልሳ ምሳዋን ከበላች በኋላ ወንበሯን በረንዳው ላይ አውጥታ፣ ነጭ ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠልፋለች። መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የማያት። ኋላ እየቀረብኩ፣ እየቀረብኩ ሄጄ አንድ ቀን ክር እንድመርጥላት ጠየቀችኝ። በሳምንቱ መርፌውን ራሱን ሰጠችኝ።

ያስተማረችኝ ክሩ በራሱ ላይ እየተሻገረ ትንንሽ መስቀል የሚሠራበትን ጥልፍ ነው። ሙያው መቁጠር ነው። አራት ቀዳዳ ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ጎን፤ ክሩ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይሻገራል፤ አንዲት መስቀል ትቀመጣለች። አንዷ መስቀል ብቻዋን ምንም አትመስልም። ሁለት መቶ ስትሆን ቅጠል ይሆናል። ያንን ሳይ የሚሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ በቃል ለመናገር እቸገራለሁ። የቤታችን ጫጫታ፣ የእናቴ ቁጣ፣ የጎረቤት ውሻ፣ ሁሉም ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የባቄላ ቆሎ በኪሴ ይዤ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ፤ ፀሐይዋ ወደ ጭኔ ስትወርድ እንኳ አላስተውልም።

ሲስተር ዘይነባ ኪሮሽም አስተማረችኝ፤ የጨርቅ ጫፍ ላይ የሚዞረውን ዳንቴል በእሱ እሠራ ጀመር። «ይቺ እጅ የሰው ቁስል መስፋት ነው ያለባት» ትለኝ ነበር። «ስምንተኛን ጥሩ አድርገሽ እለፊ። ከዚያ በኋላ ነርስነት ሩቅ አይደለም።» እኔም አመንኳት። በክፍሌ ከሦስት በታች ወርጄ አላውቅም ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመርኩ። የአልጋ ልብስ ነው። ንድፉን በባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ራሴ አወጣሁት። ዳር ዳሩን የአደይ አበባ ሐረግ፣ መሃሉን የባቄላ አበባ። የባቄላ አበባ የጠለፈ ሰው አላየሁም ነበር፤ ግን በመስከረም ከቢቸና ወጣ ሲሉ ማሳው ሁሉ እሱ ነው፤ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ እንደ ዓይን ብሌን የጠቆረ። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ለማን ነው ሲሉኝ፣ «ለእኔ» እላለሁ። ቤት ሲኖረኝ፣ ደመወዝ ሲኖረኝ፣ አልጋዬ ላይ ላነጥፈው ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሲስተር ዘይነባ ተዛውራ ሄደች። በዚያው ጥር ትሁን ሞጣ ላለ የነጋዴ ቤት ተዳረች። ከሠርጉ አራት ቀን በፊት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የሙሽራዋን ሳጥን ከፍታ ዕቃ ትደረድራለች። ከላይ የተቀመጠው የእኔ የአልጋ ልብስ ነበር።

«እማዬ፣ እሱ የኔ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «አንቺ ሌላ ትሠሪያለሽ። እሷ ምን ይዛ ትግባ?»

ትሁን ጥግ ላይ ቆማ እግሯን ትመለከት ነበር።

ከሠርጉ በኋላ የሙሽራው ቤተሰብ እኛን ቅልቅል ጠርቶ ሞጣ ሄድን። የባልየው እናት ወይዘሮ ላቀች ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሴት ነበሩ። የአልጋ ልብሱን ዘርግተው እንግዳውን ሁሉ እያስገቡ ያሳዩ ነበር። እንግዶቹ «ማን ነው የሠራው?» ሲሉ እናቴ ማንንም ሳታስቀድም፣ «ራሷ ትሁን ናት» አለች። እኔ በዚያች ሰዓት ማስታጠቢያ ይዤ የእንግዶቹን እጅ አስታጥብ ነበር። ለወይዘሮ ላቀች ውኃ ሳፈስ ጣቶቼን ትክ ብለው አዩ።

መጋቢት ላይ በአንድ ነጋዴ እጅ መልእክት መጣ። ትሁን አሟታል፤ ይታይሽ ለሁለት ሳምንት መጥታ ትርዳት የሚል። ይታይሽ እኔ ነኝ። ርእሰ መምህሩ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሩቅ አለመሆኑን ነግሮ በግድ ፈቀደልኝ። በጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ሆኜ፣ ደብተሮቼን በፌስታል ይዤ ተነሳሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደ ወይን ስንደርስ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ይንቀጫቀጭ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ እኅቴ ስጸልይ ሄድኩ።

ትሁን አልታመመችም። በሩን ዘግታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እትዬ?»

«እማማ ላቀች ለራሳቸው አልጋ እንደዚያኛው ያለ ሥሪልኝ አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል? ጨርቁንም ክሩንም ገዝተው ሰጡኝ።»

«አልችልም ብትያቸውስ?»

«ታዲያ ውሸታም ከነእናቷ አይሉኝም? ይመልሱኛል፣ ይታይሽ። ፈትተው ይመልሱኛል።»

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኅቴ ስታለቅስ እንቢ ማለት አልቻልኩበትም። እሺ አልኩ፤ ለፈተናው እንደምደርስም አስማልኳት።

ጓዳዋ አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረቻት። ጠዋት ፀሐይ በዚያች በኩል ስትገባ እጀምራለሁ፤ ቢቸና ከትምህርት በኋላ ብቻ የምይዘውን መርፌ እዚህ እስከ ማታ አላስቀምጠውም። ወይዘሮ ላቀች ወደ ጓዳው ሲመጡ ከሩቅ ያስላሉ፤ ያን ጊዜ ትሁን ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ ጭኗ ላይ ታደርገዋለች፤ መርፌውን እንደ ጭራሮ ጨብጣ ትቀመጣለች። እኔ ምስር ወደ መልቀም እዞራለሁ። ሱፍ ፍትፍት ያመጡልናል፣ ሥራውን ከላይ ያዩታል፣ «እጅሽ ይባረክ ልጄ» ብለዋት ይወጣሉ። ያሳፈረኝ ነገር ግን፣ እዚያም ሆኜ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። እየተሰረቅሁ መሆኔን እያወቅሁ እንኳ አበባው ከጨርቁ ሲወጣ ልቤ ይሞላል።

ሁለቱ ሳምንት አንድ ወር ሆነ። ፋሲካ አለፈ። የአልጋ ልብሱ ሲያልቅ የትራስ ልብስ ተጨመረ፤ ከዚያ ለትራሱ ዳንቴል። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ «በቃ ልሂድ» አልኳት። «ዳንቴሉ ብቻ ነው የቀረው። ፈተናው መች ነው ገና፣ ቢደርስ ይነግሩን የለ?» አለች።

ዳንቴሉን የጨረስኩ ቀን ትሁን ከመቀነቷ አንድ የታጠፈ ወረቀት ፈታ ሰጠችኝ። ከክፍል ጓደኛዬ የተላከ ነበር። ፈተናው የሚጀምርበት ቀን ተጽፎበታል፤ ከነገ ወዲያ ነው።

«መቼ መጣ?»

«ባለፈው ሳምንት። ረስቼው...»

መቀነት የሚታሰረውም የሚፈታውም በየቀኑ ነው። እንዴት ይረሳል? ልብሴን ሰብስቤ ስወጣ ወይዘሮ ላቀች እስከ መኪናው ልሸኝሽ ብለው ተከተሉኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ጭቃ ጫማችንን እየያዘብን ቀስ ብለን ሄድን። መኪናው ጋ ስንደርስ አንድ ቋጠሮ ቅቤ አስያዙኝና ሁለቱንም እጄን ያዙ። ጣቶቼን ገልብጠው አዩአቸው።

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ያማረ ሥራ ነው የሠራሽልኝ።»

እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። «ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«ከቅልቅሉ ቀን። ውኃ ስታፈሺልኝ የግራ ጣትሽ በመርፌ ተበሳስቶ ነበር። የእሷን እጅ ደግሞ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ፈተና አለብኝ እኮ! በክረምት ቢጠይቁኝ እሠራልዎት ነበር።»

«ፈተና እንዳለብሽ ማን ነገረኝ?» አሉ። «ሥራውን ወደድኩት። ስጠይቃት እሺ አለች፤ ይሠራልኝ ብዬ ተውኩት።» ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ከሞጣ ብዙም ሳይርቅ ጭቃ ያዘው። አንድ ቀን ሙሉ ስንገፋ ዋልን፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን የወረደ ድልድይ እስኪጠገን ጠበቅን። ቢቸና የደረስኩት ልጆቹ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሰው ከግቢ ሲወጡ ነው። ርእሰ መምህሩ ራሱን ነቀነቀና፣ «መስከረም መጥተሽ ስምንተኛን ድገሚ» አለኝ። እናቴ ግን፣ «አንድ ክፍል ሁለቴ ለመማር?» አለች። በተከታዩ ጥር እኔም ተዳርኩ፤ እኔም ወደ ሞጣ።

ኋላ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ትምህርቴን በማታ ጨረስኩና እዚሁ ሞጣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። መጥፎ ሥራ ነበር አልልም። ጤና ጣቢያ ለሕክምና በሄድኩ ቁጥር ግን ነጭ ጋዋን የለበሱትን ልጆች ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

ከትሁን ጋር በአንድ ከተማ ስንኖር ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም። ወይዘሮ ላቀች እንደሚያውቁ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ንዴቴ አላናግር ስላለኝ ነበር። በኋላ ግን አውቄ ነው። አማቷ አዲስ ጨርቅ ባነሱ ቁጥር ስትደነግጥ አይ ነበር። «ዓይኔን ያመኛል» እያለች ሰበብ ስትፈጥር፣ ሰበቧም ከተማ ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ሲሆን እሰማ ነበር። በአንድ ቃል ላሳርፋት እችል ነበር። አላሳረፍኳትም። እሷ አንድ ዓመቴን ብትወስድብኝ እኔ ስንቱን ዓመቷን በፍርሃት አስበላሁባት። ወይዘሮ ላቀችም ሞቱ፤ እኔም ዝም እንዳልኩ ቀረሁ።

አሁን ባሌም የለም፤ ልጆቼም ባሕር ዳር ናቸው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መርፌ እንደገና አንስቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ያማረኝን እጠልፋለሁ። ለማንም አልሠራም፤ ማንም አያዘኝም። ያ የድሮው ደስታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሞላ ጎደል ተመልሶልኛል። ቁጥሩ ውስጥ ስገባ ሁሉም ከውጭ ይቀራል እል ነበር። አንድ ነገር ግን አሁን አብሮኝ ይገባል።

ትሁን ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሾርባ እሰጣት ነበር። ማንኪያውን በእጇ መለስ አደረገችና፣ «ይታይሽ» አለችኝ፣ «እማማ ላቀች ያንን ነገር አውቀውብኝ ይሆን?»

ያንን ሁሉ ዓመት ይዛው የኖረችው ጥያቄ ነበር። መልሱ አፌ ውስጥ ነበር።

«እኔ እንጃ» አልኳት፤ ሾርባውንም አጎረስኳት።