በቅሎዋን የገደለች ፕላስ

ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ ወጣ ብሎ ያለው የእግረኛ ድልድይ መሀሉ ላይ ተሰበረ። ሁለት ጆንያ ገብስ የጫነች በቅሎ ይዞ ወረደ።

ድልድዩን የነደፍኩት እኔ ነኝ።

ጫፍና ጫፉ ድንጋይ ላይ ያረፈ የኮንክሪት አግዳሚ (ቢም) ሲጫኑት መሀሉ ወደ ታች ይታጠፋል። ሆዱ ይወጠራል፤ ኮንክሪት ደግሞ መወጠር አይችልም። ስለዚህ ፌሮው ከታች፣ ሆዱ ውስጥ መግባት አለበት። እኛ መሐንዲሶች ይህን መታጠፍ ፕላስ ሞመንት እንለዋለን። (በፈተና ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው።)

ወረቀቱ ላይ «ፕላስ ሞመንት፣ አራት ፌሮ» ብዬ ጽፌ ለግንበኛው ለጋሽ ደሴ ሰጠኋቸው። ኮንክሪቱ ሲሞላ ብርዱን ፈርቼ አልሄድኩም።

ዛሬ ፍርስራሹን ሳየው ፌሮው በሙሉ ከላይ ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ከላይ አደረጉት?»

«አንተው አይደለህ እንዴ ፕላስ ያልከው? ፕላስ ከላይ፣ ማይነስ ከታች መስሎኝ ነዋ ልጄ!»

የበቅሎዋ ባለቤት ጭነቷን ሲፈቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

እናንተስ፣ ለእናንተ ግልጽ የሆነች ቃል ሌላው ዘንድ ተገልብጣ ምን አጠፋች? ንገሩኝ እስቲ።

እኔ «ሆዱ ውስጥ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ በቅሎዋ ዛሬ ቤቷ ትገባ ነበር።