የቦኖ ወሬ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ስሰማ፣ በደርግ ጊዜ አባቴ ከወንዶች ጋር ሲያወራ የሚውልበት የልብስ ሰፊው በረንዳ ትዝ አለኝ። እዚያ የሚወራው «ጨዋታ» ይባል ነበር። እናቴ ቦኖ ላይ ውሃ ስትቀዳ ከሴቶች የምትሰማው ግን «አሉባልታ» ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት እናቴ ጀሪካኗን ሳትሞላ እየሮጠች መጣች።

«አባ ጀማል፣ ልጁ ዛሬ እንዳይወጣ። ለውትድርና ወጣት ሊያፍሱ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሴቶቹ።»

አባቴ ሳቀ። «አፈሳው ጎሮ ነው እንጂ እዚህ አይደለም፤ ትናንት በረንዳው ላይ አውርተነዋል። የሴት ወሬ ሰምተን ቤት እንዝጋ?»

ወንድሜ ጀማል ገብሱን በጋሪ ጭኖ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ጎረቤታችን ጋሪውን ብቻ ይዞ መጣ።

በማግስቱ አባቴን ቦኖው ጋ አገኘሁት። ኮፊያውን በእጁ ጨምድዶ ሴቶቹ መሃል ቆሟል።

«እህቶቼ፣ ልጆቹን ወዴት ወሰዷቸው? ምን ሰማችሁ?»

አንዷ አቀርቅራ፣ «ወላሂ አባ ጀማል፣ ምንም አልሰማንም» አለችው።

ጀማል እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የቤታችንን ውሃ የሚቀዳው አባቴ ነበር።